የ21 አኃዝ ቁጥርና የ27 ዓመት ጥያቄ

ይህን ቁጥር እስቲ አንዴ ተመልከቱት፦

147,573,952,589,676,412,927

21 አኃዝ አለው። መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አኃዞቹን አንድ በአንድ ብትደምሯቸው 109 ይመጣል። 109 ለ3 ስለማይካፈል ትልቁ ቁጥርም ለ3 አይካፈልም። ለ7 አካፍሉት፣ 1 ይተርፋል። ለ11 ሲሆን 6 ይተርፋል፣ ለ13 ሲሆን 10። እንዲህ እያላችሁ አንድ ሚሊዮን ትደርሳላችሁ፤ አሥር ሚሊዮን ትደርሳላችሁ፤ መቶ ሚሊዮንንም ታልፋላችሁ። ሁሌም የሚተርፍ ነገር አለ።

«ብቸኛ ቁጥር ነው፣ በቃ» ብሎ መተው ያሰኛል። ብቸኛ ቁጥር፣ ፕራይም የምንለው፣ ከ1ና ከራሱ በስተቀር ለምንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይሄዳል።

በ1644 ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ይህን ቁጥር ብቸኛ ናቸው ካላቸው ጋር መዘገበው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቁጥሩ ከ230 ዓመት በላይ በዚያ መዝገብ ኖረ። በ1876 ሌላ ፈረንሳዊ፣ ኤዱዋርድ ሉካስ፣ ብቸኛ እንዳልሆነ አረጋገጠ። ለየትኛው ቁጥር እንደሚካፈል ግን መናገር አልቻለም። ያ እስኪታወቅ ሌላ 27 ዓመት አለፈ።

ግራ ያጋባል አይደል? «ይካፈላል፤ ለየትኛው ቁጥር እንደሚካፈል ግን አላውቅም» ማለት እንዴት ይቻላል? አንድ ነገር የተሰበረ መሆኑን ስብርባሪውን ሳያዩ ማወቅ እንደማለት ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው የሆነ ቦታ ማጭበርበር ያለበት መስሎኝ ነበር። የለበትም። እንዲያውም ኢንተርኔት ላይ የምንተማመንበት ምስጠራ አንድ ትልቅ ክፍል የቆመው በዚህች ክፍተት ላይ ነው፤ ክፍተቷ ትጠብ ይሆን ወይ የሚለው ደግሞ የወቅቱ ጥያቄ ሆኗል።

67 አንዶች

ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የቼዝ ሰሌዳውን ተረት ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ስንዴ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ እጥፍ እየሆነ 64 ቤት ድረስ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤት ብትጨምሩና 67 ብታደርጉት የስንዴው ፍሬ ብዛት ልክ ከላይ ያለው ቁጥር ነው። በሒሳብ አጻጻፍ 2⁶⁷ − 1 ይባላል። 2ን 67 ጊዜ ደርድረን እናባዛና 1 እንቀንሳለን።

ምን ያህል ትልቅ ነው? አንድ ማሽን በሰከንድ አንድ ቢሊዮን እየቆጠረ ከ1 ቢጀምር እዚህ ለመድረስ ከ4,600 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ኮምፒውተር በሚያነበው በ0ና 1 አጻጻፍ ግን ቁጥሩ በጣም ቀላል ነው፤ 67 አንዶች ተደርድረው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሜርሴን ለምን 67ን እንደመረጠም ከዚሁ ይታያል። የአንዶቹ ብዛት 6 ቢሆን ኖሮ 111111 ይሆናል። ይህን 111 እና 111 ብለን እኩል መቁረጥ እንችላለን፤ ስለዚህ ለ111 ይካፈላል። በተለመደው አጻጻፍ 63 ለ7 ይካፈላል እንደማለት ነው። የአንዶቹ ብዛት እኩል እኩል ከተቆረጠ ቁጥሩ አለቀለት። 67 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ግን እኩል አይቆረጥም። ቢያንስ ይህ ቀላል ወጥመድ አይዘውም።

ከዚህ ወጥመድ ማምለጥ ብቻውን አይበቃም። 11ም ብቸኛ ነው፤ 11 አንዶች ግን 2047 ናቸው፤ 2047 ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። ይህ ከ1536 ጀምሮ የታወቀ ነው። ሜርሴንም ያውቀው ነበርና 11ን ከዝርዝሩ አስወጥቶታል። በ67 ግን ተሳሳተ። በ257ም ተሳሳተ። 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ማስገባት ሲገባው ዘለላቸው። እኔ አልፈርድበትም። 21 አኃዝ ቁጥር በብዕር ይዞ መታገል ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይፈርድበትም።

ሳያካፍሉ ማወቅ

ሉካስ የሃኖይ ግንብ የሚባለውን የልጆች ጨዋታ የፈጠረ ሰው ነው፤ ክብ ክብ ሳህኖችን ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው የማዛወር ጨዋታ። ባለ 67 ሳህን ቢሠራ ኖሮ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የእርምጃ ብዛት ያው የኛ ቁጥር ይሆን ነበር። ይህን በጨረፍታ ጠቅሼ ልለፈው፤ ዋናው ሥራው ሌላ ነው።

ሉካስ ያገኘው መንገድ ቁጥሩን ለምንም ሳያካፍል ብቸኛ መሆን አለመሆኑን የሚለይ ፈተና ነው። በ1930 ዴሪክ ሌመር የሚባል አሜሪካዊ አቀለለውና ዛሬ የሁለቱን ስም ይዞ ይጠራል። በእጅ መሥራት ይቻላል፤ እንሞክረው።

ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ። የመጣውን ለምትፈትኑት ቁጥር አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ያዙ። ቀሪውን ደግሞ በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ አካፍሉ፣ ቀሪውን ያዙ። የአንዶቹ ብዛት ሲቀነስ ሁለት ያህል ጊዜ ይህን ደጋግሙ። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ካልመጣ አይደለም።

31ን እንፈትን፤ አምስት አንዶች ነው። ሦስት ጊዜ እንደጋግማለን። 4 በራሱ 16፣ ሲቀነስ 2፣ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል። 8 በራሱ 64፣ ሲቀነስ 2፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። 0 መጣ። 31 ብቸኛ ነው።

አሁን 2047ን። 11 አንዶች ስለሆነ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ከ4 ተነስተን ቀሪዎቹ በተራ እንዲህ ይመጣሉ፦ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282፣ 1736። (በወረቀት ስሠራው አራተኛው ላይ ተሳስቼ እንደገና ጀምሬያለሁ። ሉካስ ከ67 ጋር ምን እንዳየ ገባኝ።) የመጨረሻው 1736 ነው፣ 0 አይደለም። ስለዚህ 2047 ብቸኛ አይደለም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። 1736ን ደጋግማችሁ እዩት። 23 የት አለ? 89 የት አለ? የሉም። ፈተናው «ብቸኛ አይደለም» አለና ዝም አለ። ፍርዱን ሰጠ፣ ምክንያቱን አልተናገረም። ፍርዱ ግን አይሻርም፤ ብቸኛ የሆነ ሁሉ መጨረሻው ላይ 0 መስጠቱ ግድ እንደሆነ ተረጋግጧልና 0 ያልሰጠ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ሉካስም በ1876 ከ67 ጋር የነበረው እንዲሁ ነበር። በዚያው ዓመት 39 አኃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አረጋግጧል። ከዚያ የሚያንሰውን 2⁶⁷ − 1 ግን «አይደለም» ከማለት አላለፈም።

ይህ ፈተና ዛሬም ሥራ አልፈታም። በኦክቶበር 2024 ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ፣ ቀድሞ የኤንቪዲያ ሠራተኛ የነበረ፣ እስከዚያ ከሚታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ማግኘቱ ይፋ ሆነ። 2 ለ136,279,841 ጊዜ ተደርድሮ ይባዛና 1 ይቀነሳል። 41,024,320 አኃዝ አለው። በሰከንድ አንድ አኃዝ እያላችሁ ብታነቡት፣ እንቅልፍ ሳትተኙ፣ 474 ቀን ይሞላችኋል። የተገኘው ጊምፕስ በሚባለው፣ ከ1996 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን በሚያዋጡበት ፍለጋ ውስጥ ነው። ዱራንት ከዚያ ለየት ያለ ነገር አደረገ፤ በ17 አገሮች ከተበተኑ የመረጃ ማዕከላት የግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን ተከራይቶ አንድ ላይ አሰለፋቸው። የመጀመሪያውን ምልክት ያየው አየርላንድ ዱብሊን ያለ ማሽን ነው። ከዚያ የሉካስና የሌመር ፈተና በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ላይ ተሠርቶ አጸደቀው። እኛ ለ31 ሦስት ጊዜ ያደረግነውን እነሱ 136,279,839 ጊዜ አደረጉት።

እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ «ለምስጠራ ትልቅ ጥቅም አለው» የሚል አርዕስት አይጠፋም። ስህተት ነው። ለምስጠራ የሚፈለጉት ብቸኛ ቁጥሮች 300 አኃዝ ገደማ ያላቸው ናቸው፤ ደግሞም ማንም የማያውቃቸው መሆን አለባቸው። ዓለም ሁሉ ያጨበጨበለት ቁጥር ምስጢር ሆኖ ማገልገል አይችልም። ዱራንት ቁጥሩን የፈለገው ለመፈለግ ሲል ነው ብንል ይበቃል። እሱም ቢሆን ነውር የለውም።

ዝም ያለው ሰው

ወደ 67 እንመለስ። በኦክቶበር 1903 ኒውዮርክ ላይ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ነበረው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ንግግር እንዲያቀርብ ተጠራ። እንደሚተረከው ሰውየው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ። 2ን እያባዛ 67 ድረስ ወሰደው፣ 1 ቀነሰ፣ ከላይ ያየነውን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ባዶ በኩል ዞሮ ይህን ጻፈ፦

193,707,721 × 761,838,257,287

በጠመኔ፣ መስመር በመስመር፣ አባዛው። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄ የጠየቀ የለም፤ ምን ይጠየቃል?

ታሪኩን ያቆየልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው። ቤል የሒሳብ ሰው ቢሆንም ጨዋታ ማሳመር ይወዳል፤ ስለዚህ ዝምታው ልክ እንደተባለው ነበር ብዬ አልምልም። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲባል ኮል «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ መለሰ የሚለውንም ያወራው እሱ ነው። ብዜቱ ግን ምስክር አያሻውም። እናንተም አሁኑኑ በከፊል ልትፈትሹት ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን አካፋይ አኃዞች ደምሩ፤ 37 ይመጣል። 3ና 7ን ደምሩ፤ 10። 1ና 0፤ 1። የሁለተኛው ድምር 64 ነው፤ 6ና 4፤ 10፤ እሱም ወደ 1 ይወርዳል። 1 በ1 ሲባዛ 1። የትልቁ ቁጥር ድምር ደግሞ 109 ነበር፤ 1፣ 0ና 9 ሲደመሩ 10፣ ከዚያ 1። ገጠመ። መጨረሻ አኃዞቹም 1 በ7 ሲባዛ 7፤ ገጠመ። ይህ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን ኮል ሰሌዳው ላይ ቢሳሳት ኖሮ ብዙውን ጊዜ በዚህ ይያዝ ነበር።

ኮል ከ2 ጀምሮ በተራ እያካፈለ አልመጣም። እንደዚያ ቢያደርግ ዕድሜው አይበቃውም። የእንዲህ ዓይነት ቁጥሮች አካፋዮች የሚመሳሰሉበት መልክ አለ። የአንዶቹ ብዛት 67 ከሆነ፣ ማንኛውም አካፋይ ላይ 1 ቀንሳችሁ ለ134 ብታካፍሉት ምንም አይተርፍም። በ2047 ሞክሩት፤ እዚያ የአንዶቹ ብዛት 11 ነውና የሚካፈለው ለ22 ነው። 23 ሲቀነስ 1፣ 22። 89 ሲቀነስ 1፣ 88። ሁለቱም ለ22 ይካፈላሉ። በኮል ቁጥርም 193,707,720 ለ134 ሲካፈል ልክ 1,445,580 ነው። ሌላም ማጣሪያ አለ፤ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ ነው የሚተርፈው። ይህ የቀሩትን በግማሽ ይቀንሳቸዋል። ስለዚህ ከ193 ሚሊዮን እጩ ወደ 722,000 ገደማ እንወርዳለን። ስልካችሁ ይህን ዓይን እስኪርገበገብ ይጨርሰዋል። ለአንድ ሰው በእርሳስ ግን አሁንም ተራራ ነው፤ ኮል ከዚህ የጠለቁ ማጣሪያዎችን ባይጨምር ኖሮ እሑዶቹ ባልበቁት።

ፍለጋው ዓመታት ፈጀ፣ ማረጋገጡ የአንድ ስብሰባ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ማባዛት ቁልቁለት፣ መነጣጠል ዳገት።

ዳገቱን መተማመኛ ማድረግ

በ1977 ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሊዮናርድ አድልማን ይህን ዳገት ወደ ቁልፍ ቀየሩት። አርኤስኤ የሚባለው ምስጠራ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ነው የተሰየመው። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች በምስጢር ትመርጣለህ፣ ታባዛቸዋለህ፣ ብዜቱን ለዓለም ትበትናለህ። ማንም በብዜቱ መልእክት ይቆልፍልሃል። መክፈት የሚችለው ሁለቱን የሚያውቅ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት 129 አኃዝ ያለው ብዜት ለሕዝብ ቀረበ፤ ለፈታው 100 ዶላር። ሪቨስት ያኔ 40 ሚሊዮን ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል ብሎ ገምቶ ነበር። የፈጀው 17 ዓመት ነው። በ1994 ወደ 600 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት አስተባብረው በስምንት ወር ገነጠሉት። ተቆልፎ የነበረው መልእክት ስለ አንድ ቶሎ የሚያቅለሸልሸው አሞራ የሚያወራ ቀልድ ሆኖ ተገኘ። ሪቨስት ሞኝ አልነበረም። ግምቱን ያበላሹበት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ማሽኖቹ ፈጠኑ፣ የመነጣጠያ ዘዴዎቹም ተሻሻሉ። ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከዚያ ወዲህ ሩጫው አዝግሟል። በ2020 ባለ 250 አኃዝ ቁጥር ተነጠለ፤ ሥራው ለአንድ የፕሮሰሰር ኮር ቢሰጥ 2,700 ዓመት የሚሆን ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቁልፍ 617 አኃዝ ነው። የአኃዙ ብዛት ከእጥፍ በላይ ቢሆን ነው፤ ድካሙ ግን እጥፍ ሳይሆን ሊታሰብ እስከማይቻል ይበዛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚከብደው የቁጥሩ ትልቅነት ብቻ አይደለም። 1 ጽፋችሁ 1,000 ዜሮ ብታስከትሉ ዛሬ በስፋት ከሚሠራበት የአርኤስኤ ቁልፍ ይበልጣል፤ ግን 2ና 5 ብቻ ተባዝተው እንደሠሩት ማንም ተማሪ ይነግራችኋል። የኮል ቁጥር ጎረቤትስ? አንድ ብትጨምሩበት 2⁶⁷ ይሆናል፤ 67 ሁለቶች፣ አለቀ። አንዷ ቁጥር ግልጥልጥ ያለች ናት፣ በአንድ የምታንሰው ደግሞ 27 ዓመት አላናግር አለች።

ደግሞም ዳገቱን ሳይወጡ የሚዞሩበት መንገድ አለ፤ ሰው ሲሳነፍ። በ2012 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአደባባይ ቁልፎችን ከኢንተርኔት ሰብስበው ጥንድ ጥንዱን አመሳከሩ። አንዳንድ መሣሪያዎች ብቸኛ ቁጥር ሲመርጡ እንደሚገባው በዘፈቀደ አልመረጡም ነበርና ሁለት የተለያዩ ቁልፎች አንድ ብቸኛ ቁጥር ተጋርተው ተገኙ። ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ በትንሽ ቁጥር ላሳያችሁ። አንዱ ቁልፍ 2047፣ ሌላው 2231 ነው እንበል። ሁለቱን ለየብቻ መነጣጠል አያስፈልግም። 2231 ሲቀነስ 2047፣ 184። 2047 ለ184 ሲካፈል 23 ይተርፋል። 184 ለ23 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። አለቀ፤ 23 የጋራ አካፋያቸው ነው። አንዱ 23 በ89፣ ሌላው 23 በ97 ነው። ይህ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት የጻፈው ዘዴ ነው፤ ለ617 አኃዝም ቅጽበት ነው የሚፈጅበት። በሺዎች የሚቆጠሩ ቁልፎች በዚህ ተከፈቱ። የሒሳቡ ዳገት አልተነካም፤ በሩ ነበር ክፍት የተተወው።

ክፍተቱ ይጠብ ይሆን?

ከሉካስ ጀምሮ ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ነው የሄዱት። «ብቸኛ ነው ወይ?» የሚለው በ2002 በመርህ ደረጃ ተዘጋ። ማኒንድራ አግራዋል፣ ኒራጅ ካያልና ኒቲን ሳክሴና የተባሉ ሦስት ሕንዳውያን ለማንኛውም ቁጥር፣ ያለ ግምትና ያለ ዕድል፣ በአጭር ጊዜ የሚመልስ ዘዴ አሳዩ። «ለየትኛው ቁጥር ይካፈላል?» የሚለው ግን በተራ ኮምፒውተር ፈጣን መንገድ አልተገኘለትም። ፈጣን መንገድ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ይህን ደጋግሜ ሳስበው ይገርመኛል፤ የምንተማመንበት ነገር ተፈትኖ ያልወደቀ እንጂ የተረጋገጠ አይደለም።

በተራ ኮምፒውተር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1994፣ ያ ባለ 129 አኃዝ በወደቀበት ዓመት፣ ፒተር ሾር የኳንተም ኮምፒውተር (በጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ የሚያሰላ ማሽን) ቢኖር ዳገቱ ሜዳ እንደሚሆን አሳየ። ያኔ ማሽኑ አልነበረም። በ2001 የአይቢኤም ተመራማሪዎች በሰባት ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሹ የመረጃ መያዣ) 15ን ወደ 3ና 5 ነጠሉ። አትሳቁ፤ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። እስከዛሬም ቢሆን በሐቅ የተሠራው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በ2024 «ኳንተም ኮምፒውተር የጦር ኃይል ደረጃ ምስጠራን ሰበረ» የሚል ወሬ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ወደ ሥራው ገብታችሁ ስታዩ የተነጠለው 22 ቢት ቁጥር ነው፤ በ0ና 1 አጻጻፍ 22 አኃዝ ያለው ማለት ነው። ቢበዛ ከ4.2 ሚሊዮን የማያልፍ፣ በቃ። ብዛታቸው ከ310 የማይበልጥ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ የሞከረ ሰው በካልኩሌተር ከሰዓት በኋላውን ሠርቶ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ አርዕስት ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ቁጥሩ ስንት አኃዝ እንዳለው ነው።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ሁሉ ወሬ ነው ማለት አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማሽኑ ሳይሆን ግምቱ ነው። በ2019 ክሬግ ጊድኒና ማርቲን ኤከሮ ባለ 617 አኃዙን ቁልፍ በስምንት ሰዓት ለመነጣጠል 20 ሚሊዮን ኪዩቢት እንደሚበቃ አሰሉ። በሜይ 2025 ጊድኒ ራሱ ከአንድ ሚሊዮን ባነሰ ኪዩቢት፣ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይቻላል አለ። ከ20 ሚሊዮን ወደ አንድ ሚሊዮን ያወረደው አዲስ ማሽን አይደለም፤ የተሻለ ሒሳብ ነው። የሪቨስትን ግምት ካፈረሱት ሁለቱ ነገሮች የሚረሳው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ መቀየሩ ተጀምሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በኦገስት 2024 የኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት አዳዲስ የምስጠራ ደረጃዎችን አጽድቋል። አንዳቸውም በቁጥር መነጣጠል ላይ አልቆሙም። የቸኮሉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዛሬ የተቆለፈን መልእክት ቀድቶ አስቀምጦ፣ ማሽኑ የመጣ ዕለት መክፈት ይቻላል። ለሃያ ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት ያለበት ሰነድ ያለው ሰው ማሽኑ እስኪሠራ መጠበቅ አይችልም። ጊዜው አስቀድሞ መቆጠር ጀምሯል።

እስከዚያው የሉካስ ክፍተት ክፍት ነው፤ የኮልን ወንበር የሚጠብቁ ቁጥሮችም ሞልተዋል። ከሜርሴን ዓይነቶቹ ትንሹ 2¹²⁷⁷ − 1 ነው። 1,277 አንዶች ተደርድረው፣ በተለመደው አጻጻፍ 385 አኃዝ። ፈተናው ተሠርቶ መጨረሻው 0 አልመጣም፤ ስለዚህ ብቸኛ አይደለም፣ በዚህ ጥርጥር የለም። ማንኛውም አካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ ለ2,554 እንደሚካፈልም እናውቃለን። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ማሽኖቻቸውን አሰልፈውበታል። እስካሁን አንድም አካፋይ አልወጣለትም።